የለንደኑ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ገዳም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ቀላሉ ጥያቄ ቀድሟል፣ አከራካሪው መጨረሻ ላይ ነው።

ገዳሙ የት ነው? ዛሬስ አለ?

ለንደን መሀል፣ ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጥቂት ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲሄዱ ስሚዝፊልድ የሚባል ሰፈር ይገኛል። ገዳሙ በ1123 የተተከለው እዚያ ነው። በ1539 በንጉሥ ትእዛዝ ተዘጋ፤ ስለዚህ ገዳም ሆኖ ዛሬ የለም። የቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቃዊ ክፍል ግን ቆሟል፤ የሰፈሩ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ያገለግላል። አጠገቡም ከገዳሙ ጋር አብሮ የተወለደው ሆስፒታል አሁንም በሽተኛ ይቀበላል። የለንደን ሰው አሳጥሮ ‹ባርትስ› ይለዋል።

ስሚዝፊልድ ሲባል እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ‹የብረት ቀጥቃጭ ሜዳ› ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። አይደለም፤ ጥንት ‹ለስላሳ ሜዳ› ነበር፣ በአፍ ብዛት ተለወጠ። ብረት ቀጥቃጩም ቢሆን መምጣቱ አልቀረም፤ ከታች እንደርስበታለን።

ፕሪዮሪ ምንድን ነው? ከአቢ ያነሰ ገዳም ማለት ነው?

የስሚዝፊልዱ ገዳም በእንግሊዝኛ የሚጠራው ፕሪዮሪ ተብሎ ነው። ከአቢ የሚለየው በስፋት ሳይሆን በአለቃው ማዕረግ ነው። አቢ የሚባለውን ገዳም አበምኔት ያስተዳድረዋል፤ ፕሪዮሪ የሚባለውን ደግሞ ፕሪዮር የተባለ፣ በማዕረግ ከአበምኔት ዝቅ የሚል አለቃ። አንዳንዱ ፕሪዮሪ የሌላ ትልቅ ገዳም ቅርንጫፍ ነበር፣ አንዳንዱ ራሱን የቻለ። የካንተርበሪና የደርሃም ፕሪዮሪዎች በሀብትም በክብርም ብዙ አቢዎችን ያስከነዱ ነበሩ፤ ስለዚህ ‹ትንሽ ገዳም› ብሎ መተርጎም ያሳስታል።

በስሚዝፊልድ የነበሩትም እኛ መነኩሴ ስንል በዓይነ ሕሊናችን የምናየው ዓይነት ሰዎች አልነበሩም። የሰሜን አፍሪካዋ ሂፖ ጳጳስ በነበረው በቅዱስ አውግስጢኖስ ስም በሚጠራው ሥርዓት የሚኖሩ ካህናት ነበሩ፤ በአንድነት ይበላሉ፣ በአንድነት ይጸልያሉ፣ የግል ሀብት የላቸውም፣ ግን ከሕዝቡ አይሸሹም። ሆስፒታል ጎን መኖራቸው ለዚህ ይስማማል። ጥቁር ካባ ስለሚለብሱ ‹ጥቁሮቹ ካህናት› ይባሉ ነበር።

መሥራቹ ማን ነው? የቤተ መንግሥት አጫዋች ነበር የሚባለውስ?

ራሂር ይባላል። የንጉሥ ሄንሪ 1ኛ ቤተ መንግሥት ሰው ነበር፤ በኋላም የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ካህን ሆኗል። እሱ ከሞተ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ አንድ የገዳሙ ካህን የጻፈው የምሥረታ ታሪክ ወገኑ ዝቅተኛ እንደ ነበረ፣ በወጣትነቱ በመኳንንት ቤት እየዞረ በቀልድና በሽንገላ ይወደድ እንደ ነበረ ይናገራል። ‹አጫዋች› የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። እኛ አገር ቢሆን አዝማሪ ነበር ይባልለት ነበር። ሥራው በእርግጥ ያ መሆኑን ግን ጽሑፉ አይልም፤ ተረቱን ያሳመረው የኋላ ዘመን ሰው ነው።

ታሪኩ እንደሚለው ራሂር ለንስሐ ሮም ወርዶ እዚያ በጠና ታመመ። ከዳነ ለድሆች ሆስፒታል ሊሠራ ተሳለ። ድኖ ወደ አገሩ ሲመለስ ሐዋርያው በርተሎሜዎስ በራእይ ታየውና በስሚዝፊልድ ቤተ ክርስቲያንም እንዲያንጽ አዘዘው። ቦታው ረግረግ ነበር፣ ከፊሉም የወንጀለኛ መስቀያ። የሚጣፍጠው ክፍል ግንባታው ላይ ነው፦ ራሂር እንደ ሞኝ ሆኖ ሕፃናትንና ሎሌዎችን እያሳቀ ሰበሰባቸውና ድንጋይ አስለቀማቸው ይላል። አጫዋች ሆነም አልሆነ፣ ሰውን በሳቅ ማሠራት ያውቅበት ነበር። መቃብሩ ዛሬም በቤተ ክርስቲያኑ መቅደስ በሰሜን በኩል ይታያል፤ በላዩ ያለው ምስል ግን የተሠራው እሱ ካረፈ ከ250 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በርተሎሜዎስ የእኛው ሐዋርያ ነው?

ራሱ ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ። በኢትዮጵያ ስንክሳር መታሰቢያው መስከረም 1 ስለሚውል የቅዱስ ዮሐንስና የዘመን መለወጫው ግርግር ይሸፍነዋል። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ኦገስት 24 ይከበራል።

አሟሟቱ ላይ ግን ሁለቱ ትውፊቶች ይለያያሉ። የእኛው አሸዋ በተሞላ ማቅ ውስጥ ከትተው ባሕር ጣሉት ሲል፣ የእነሱ ቆዳው ተገፈፈ ይላል። ለዚህ ነው በምዕራብ ሥዕላት ቢላዋ ይዞ የሚታየው፤ የቆዳ ፋቂዎችም ጠባቂያቸው አድርገው የያዙት።

ሆስፒታሉ የገዳሙ ነበር? ምን ያክም ነበር?

አብረው ተመሠረቱ እንጂ አንድ ቤት አልነበሩም። ሆስፒታሉ የራሱ አለቃ፣ ስምንት ወንድሞችና አራት እኅቶች ነበሩት፤ ገዳሙ በላዩ ሥልጣን አለኝ ይላል፣ ሆስፒታሉ የለህም ይላል፣ ክርክሩ ለትውልዶች ቀጠለ። የጎረቤት ነገር እንዲህ ነው።

‹ማከም› የሚለውን ቃል በዛሬ ትርጉሙ አይውሰዱት። አልጋ፣ እንጀራ፣ ሙቀትና ጸሎት ነው። መንገደኛው ያርፍበታል፣ የታመመ ድሃ ይተኛበታል፣ ነፍሰ ጡር ትወልድበታለች። እናት በዚያው ከሞተች ልጇ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ሆስፒታሉ ያሳድገው ነበር። መድኃኒትነቱ ኋላ መጣ፦ የደም ዝውውርን ያስረዳው ዊልያም ሃርቪ ከ1609 ጀምሮ የዚሁ ሆስፒታል ሐኪም ነበር፤ መጽሐፉን ያሳተመው በ1628 ነው።

ካህናቱ በምን ይተዳደሩ ነበር?

እንደ ማንኛውም የዘመኑ ገዳም በመሬት፣ በቤት ኪራይና በምእመናን ስጦታ። ይህኛው ግን አንድ ተጨማሪ የገንዘብ ምንጭ ነበረው፤ ገበያ። ንጉሡ በ1133 በሰጠው ፈቃድ መሠረት በየዓመቱ በሐዋርያው በዓል ሰሞን በገዳሙ ግቢና በፊት ለፊቱ ሜዳ ገበያ ይቆም ነበር፤ ዋናው ሸቀጥ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቀረጡ ለገዳሙ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለው መንገድ እስከ ዛሬ ‹የጨርቅ ገበያ› ነው ስሙ።

ገበያው ከገዳሙ በላይ ኖረ። እየቆየ ጨርቁ ቀርቶ አሻንጉሊት አጫዋች፣ ገመድ ላይ ተራማጅ፣ የተጠበሰ አሳማ ሻጭና ኪስ አውላቂ የሚርመሰመሱበት ሆነ። በ1855 የከተማው አስተዳደር በቃ ብሎ ዘጋው።

ከሊቀ ጳጳሱ ጋር ተደባደቡ የሚባለው እውነት ነው?

በጊዜው የኖረው መነኩሴና ታሪክ ጸሐፊ ማቲው ፓሪስ የተወልን ታሪክ ነው። በ1250 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቦኒፋስ ገዳሙን ሊመረምር መጣ። ካህናቱ በክብር ተቀበሉት፤ ነገር ግን ‹የሚጎበኘን የራሳችን ጳጳስ አለን› ብለው ምርመራውን እምቢ አሉ። ሊቀ ጳጳሱ ተቆጥቶ ሽማግሌውን ምክትል አለቃ ፊቱን በጡጫ መታው። ሌሎቹ ሲገላግሉ የሊቀ ጳጳሱ ልብስ ተገለጠና ከሥሩ የብረት ጥሩር መልበሱ ታየ።

ማቲው ፓሪስ ከባሕር ማዶ የመጣውን ቦኒፋስን የማይወድ መሆኑ አብሮ ይታወቅ። ትንሽ ጨው ሳይጨምርበት አልቀረም።

በመስኮት ላይ የተቀረጸው በርሜልና ቀስት ምንድን ነው?

ይህ የድንጋይ ሰምና ወርቅ ነው። ከ1505 እስከ 1532 ፕሪዮር የነበረው ዊልያም ቦልተን ከመኖሪያው ሆኖ ቁልቁል መቅደሱንና የራሂርን መቃብር የሚያይበት መስኮት አሠራ። ከሥሩ በርሜል የወጋ ቀስት አስቀረጸበት። የዚያ ቀስት ስም በእንግሊዝኛ ‹ቦልት›፣ የበርሜሉ ‹ተን› ነው፤ አንድ ላይ ሲነበብ ቦልተን። ስሙን በፊደል ቢያስጽፍ ማን ያስታውሰው ነበር?

ሄንሪ 8ኛ ለምን ዘጋው?

የዚህ ገዳም የተለየ ጥፋት አልነበረም። ንጉሡ በጋብቻው ጉዳይ ከሮም ጋር ተጣልቶ በ1534 ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረገ። ገዳማቱ ደግሞ ለሮሙ ጳጳስ ታማኝ ናቸው ተብለው የሚጠረጠሩ፣ ከዚያም በላይ ሀብታም ነበሩ። በ1536 ዓመታዊ ገቢያቸው ከ200 ፓውንድ በታች የሆኑት በሕግ ተዘጉ። ትልልቆቹ ‹በፈቃዳቸው› እንዲያስረክቡ ተደረገ፤ እምቢ ያሉ ጥቂት አበምኔቶች ስለ ተሰቀሉ ፈቃዱ ምን ዓይነት እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። እስከ 1540 በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 800 የሚጠጉ ገዳማት ጠፉ።

በስሚዝፊልድ የፈረመው የቦልተን ተተኪ ሮበርት ፉለር ነው። ሰውየው በዚያው ጊዜ የዎልተም አቢ አበምኔትም ነበር፤ ያም ቤት በ1540 ከአቢዎች ሁሉ መጨረሻ የተዘጋው ነው። ሁለት ገዳም በአንድ እጅ አስረከበ፣ ጡረታውንም ተቀበለ።

ማን ገዛው?

ሪቻርድ ሪች። ስሙን የንጉሡ ዋና ሹም የነበረውን ቶማስ ሞርን በ1535 ለሞት ባበቃው ምስክርነቱ የሚያውቁት ይኖራሉ። በንጉሡ የተወረሰውን የገዳማት ሀብት የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ እሱ ነበር፤ ሥጋ ለጅብ በአደራ መስጠት ማለት ይህ ነው። በ1544 ግቢውን በ1,064 ፓውንድ ከ11 ሺሊንግ ከ3 ፔንስ ለራሱ ገዛና የፕሪዮሩን ቤት መኖሪያው አደረገ።

ከዚያ በፊት የቤተ ክርስቲያኑ ረጅሙ ምዕራባዊ ክፍል፣ ምእመናን ይቆሙበት የነበረው፣ ፈርሶ ነበር። ካህናቱ የሚያመሰግኑበትና መቅደሱ ያለበት ምሥራቃዊ ክፍል የተረፈው የግቢው ነዋሪዎች መጸለያ ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ዛሬ ከመንገድ በጥንታዊው ቅስት ገብተው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር የሚሄዱበት አጸድ በሙሉ ያ የፈረሰው ክፍል የነበረበት ነው፤ ቅስቱ ራሱ የቤተ ክርስቲያኑ የምዕራብ በር ነበር።

መነኮሳት ተመልሰው አያውቁም?

አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ዓመት ያህል። ካቶሊኳ ንግሥት ሜሪ በነገሠች ጊዜ፣ በ1556፣ የዶሚኒካን መነኮሳት እዚህ ገቡ። በ1558 ሞታ ኤልሳቤጥ ስትተካ በተከታዩ ዓመት ተባረሩ። ሪች ግን በሁሉም ዘመን ቀና ብሎ ኖረ፤ ግቢውን ለመነኮሳቱ ለቀቀ፣ መልሶም አገኘው።

በዚያው በሜሪ ዘመን ፕሮቴስታንቶች በሜዳው ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አካባቢ፣ በእሳት ይቃጠሉ ነበር። ሜዳው ለደም አዲስ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ዋላስ በ1305 የተገደለው እዚህ ነው። የገበሬዎች አመፅ መሪ ዋት ታይለርም በ1381 ንጉሡ ፊት ቆስሎ ወደ ሆስፒታሉ ከገባ በኋላ የከተማዋ ከንቲባ ከዚያ አስጎትቶ አንገቱን አስቆረጠው።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ብረት ይቀጠቀጥ ነበር? አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንስ እዚያ ሠርቷል?

ሁለቱም ልክ ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። የሪች ወራሾች ግቢውን እየከፋፈሉ አከራዩት። የቤተ ክርስቲያኑ ሰሜናዊ ክንፍ የብረት ቀጥቃጭ ቤት ሆነ፤ ወናፉ ሲነፋ፣ መዶሻው ሲያርፍ፣ ከግድግዳው ማዶ ቅዳሴ አለ። ካህናቱ ሲዘዋወሩበት የነበረው ጣሪያ ያለው መተላለፊያ የፈረስ ጋጣ ሆነ። ከእመቤታችን ጸሎት ቤት በታች ያለው ምድር ቤት የከሰልና የወይን ጠጅ ማስቀመጫ። ፎቅ ላይ ባለው የቤተ ክርስቲያኑ ሰገነት ደግሞ ሕፃናት ይማሩ ነበር።

የእመቤታችን ጸሎት ቤት ራሱ መጀመሪያ ተከፋፍሎ መኖሪያ ሆነ፣ ከዚያ የሳሙኤል ፓልመር ማተሚያ ቤት ገባበት። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ፣ በ1725፣ ከአሜሪካ መጥቶ ለአንድ ዓመት ያህል እዚያ ፊደል ለቃሚ ሆኖ ሠርቷል። በ19ኛው መቶ ዓመት የዘርፍ ፋብሪካ ሆነ፤ የመጋረጃና የልብስ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው ዘርፍ ማለቴ ነው። ፋብሪካው ሲጠበው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገፋ፤ የላይኛው ፎቁ ከመንበሩ በላይ ወጥቶ በብረት ምሰሶ ተደግፎ ይታይ ነበር።

ይህን ሁሉ እንደ ርኩሰት ብቻ የሚያዩ አሉ። እኔ አላይም። ኪራይ የሚያስገባ ግድግዳ አይፈርስም፤ ምእመናን ይቆሙበት የነበረው ክፍል ተከራይ ስላልነበረው ድንጋዩ ተሸጠ፣ ሰሜኑ ክንፍ ብረት ቀጥቃጭ ስለ ገባበት ጥላሸት ለብሶም ቢሆን ቆየ።

በ1666ቱ የለንደን ቃጠሎና በጦርነቶቹስ እንዴት ተረፈ?

ቃጠሎው ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲቀሩት ቆመ፤ ከተማዋ አመድ ስትሆን ስሚዝፊልድ በሰላም አደረ። ስለዚህ በአካባቢው ከቃጠሎው በፊት የተሠሩ ጥቂት ቤቶች አሁንም አሉ።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ግን ያልታሰበ ነገር ሠራ። በ1915 የጀርመን ዜፕሊን በአቅራቢያው ቦምብ ሲጥል ከመግቢያው ቅስት በላይ ያለው ተራ የሚመስል ቤት ልባጡ ረገፈ። ከሥሩ በ1595 የተሠራ የእንጨት ማዋቀር ያለው ቤት ብቅ አለ! በዓመቱ ታደሰ፤ ዛሬ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው እሱን ነው።

አሁን የምናየው ምን ያህሉ ጥንታዊ ነው?

ወፋፍራሞቹ ምሰሶዎችና ክብ ቅስቶቹ የ12ኛው መቶ ዓመት ናቸው፤ ለንደን ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ለማግኘት ያስቸግራል። የጡቡ ደወል ቤት የ1628 ነው፣ በውስጡ ያሉት አምስት ደወሎች ግን ከተሐድሶው በፊት፣ 1510 አካባቢ፣ የተሠሩ ናቸው፤ አሁንም ይደወላሉ። ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት በ1697 የተጠመቀበት የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ገንዳም በቦታው አለ።

የቀረው በአብዛኛው ከ1880ዎቹ ጀምሮ መሐንዲሱ አስቶን ዌብ ያደሰው ነው። ፋብሪካው ተገዝቶ ወጣ፣ ብረት ቀጥቃጩ ተነሣ፣ የእመቤታችን ጸሎት ቤት በ1897 ዳግም ተከፈተ። ስለዚህ ውጩ ላይ ጥቁርና ነጭ ድንጋይ እንደ ዳማ ገበታ ተደርድሮ ሲያዩ ‹መካከለኛው ዘመን› ብለው አይደነቁ፤ የዌብ እጅ ነው።

‹ታላቁ›ና ‹ታናሹ› በርተሎሜዎስ ሁለት ቅዱሳን ናቸው?

አይደሉም፤ የተለያዩት ቤተ ክርስቲያኖቹ ናቸው። ታላቁ የገዳሙ ነው፣ ታናሹ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ያለው። ቀጠሮ ሲሰጡ ይጠንቀቁ፤ በዚህ ተሳስቶ ሌላው በር ላይ የቆመ ሰው ጥቂት አይደለም።

ሆስፒታሉ በእርግጥ 900 ዓመት ሳይቋረጥ ሠርቷል? መሥራቹስ ራሂር ነው ወይስ ሄንሪ 8ኛ?

በ2023 ቤተ ክርስቲያኑም ሆስፒታሉም 900ኛ ዓመታቸውን አክብረዋል። በቦታና በሥራ ከቆጠርን ቆጠራው ያስኬዳል፤ በብሪታንያ በተተከለበት ሥፍራ እስከ ዛሬ የሚሠራ ከዚህ የቆየ ሆስፒታል የለም። በባለቤትነት ከቆጠርን ግን መሀል ላይ ገደል አለ። ገዳማት ሲዘጉ ሆስፒታሉ ገቢውን አጣ፣ ወንድሞችና እኅቶች ተበተኑ። ከንቲባው ሪቻርድ ግሬሻም ገና በ1538 ድሆች መንገድ ላይ እንዳይወድቁ ሆስፒታሎቹ ለከተማዋ ይሰጡ ብሎ ንጉሡን ለምኖ ነበር። ንጉሡ የተስማማው በ1546 መጨረሻ፣ ሊሞት አንድ ወር ሲቀረው ነው፤ ሆስፒታሉን ከገቢው ጋር ለለንደን ከተማ አስረከበ።

ሕጋዊ ሰውነቱን ያገኘው ያን ጊዜ ስለሆነ ሄንሪም መሥራች ይባላል። የነጠቀውን ከፊሉን መልሶ መሥራች መባል ያስገርማል፤ ይሁን እንጂ ባይመልሰው ኖሮ ሆስፒታሉ ከሌሎቹ ጋር ይጠፋ ነበር። ሕንፃዎቹም ቢሆኑ የራሂር አይደሉም፤ በ18ኛው መቶ ዓመት ጄምስ ጊብስ በነደፈው መሠረት እንደ አዲስ ተሠሩ። ያን ጊዜ ሆጋርት፣ በሰፈሩ ተወልዶ ያደገው፣ በደረጃው ግድግዳ ላይ ደጉን ሳምራዊና የቤተ ሳይዳን መጠመቂያ ያለ ክፍያ ሣለ። በ1992 ደግሞ ለንደን ሆስፒታል በዝቶባታል የሚል የመንግሥት ጥናት ይዘጋ ብሎ ነበር፤ የድንገተኛ ክፍሉ በ1995 ተዘጋ፣ ሆስፒታሉ ግን የልብና የካንሰር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቀጠለ።

ዛሬ በዋናው በር የሚገባ በሽተኛ በ1702 በተሠራው የሄንሪ 8ኛ ሐውልት ሥር ያልፋል። ራሂርን ማየት የፈለገ መንገዱን ተሻግሮ በቅስቱ መግባት አለበት። እዚያ በድንጋይ ላይ ተኝቷል፤ ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ካህናት ተንበርክከው መጽሐፍ ዘርግተዋል፤ የተዘረጋው ኢሳይያስ 51 ላይ ነው፣ ባድማው ሁሉ ይጽናናል የሚለው ቦታ።